አሮጌው ፉል ፍሬም ይቆይ ወይስ ይቀየር? ወሎ ውስጥ ለሚሠራ ፎቶ አንሺ የንጽጽር መመሪያ

ካኖን 5ዲ ማርክ 2 የወጣው በ2008 ነው (የካሜራዎቹ ዓመት ሁሉ እዚህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)። ኒኮን ዲ700ም የዚያው ዓመት ልጅ ነው። ካኖን 6ዲ በ2012፣ ኒኮን ዲ750 በ2014 ተከተሉ። እነዚህ ፉል ፍሬም ካሜራዎች (ሴንሰራቸው፣ ማለትም ምስሉን የሚቀበለው ሰሌዳ፣ የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም ያህል የሆነ) ዛሬም እንጀራ ያበላሉ፤ ደሴና ኮምቦልቻ ሰርግ ይውላሉ፣ ገናን ላሊበላ ያድራሉ፣ ሰኞ ባቲ ገበያ ይወርዳሉ። ባለቤታቸውን ግን አንድ ጥያቄ አይለቀውም፦ ይቆይ ወይስ ይቀየር?

ይህን ጥያቄ ከሱቅ መደርደሪያ የጀመረ ሰው ገንዘቡን ይበላል። መልሱ ያለው የተጣሉት ፎቶዎች ውስጥ ነው። የመጨረሻዎቹን ሦስት ሥራዎች ክፈቱ፤ ለደንበኛ ያልተሰጡትን ብቻ ለዩና እያንዳንዱ ለምን እንደተጣለ ጻፉበት። ምክንያቶቹ ስድስት ያህል ናቸው፦ ፎከስ ስቷል፣ ሰውየው ተንቀሳቅሶ ደብዝዟል፣ የአንሺው እጅ ተንቀጥቅጧል፣ ጥላው ኮምፒውተር ላይ ሲበራ ተበላሽቷል፣ ቀለሙ ተዛብቷል፣ ወይም ቅጽበቱ አምልጧል። 200 ያህል የተጣለ ፎቶ ሲቆጠር የትኛው እንደሚያመዝን ይታያል። አዲስ ካሜራ የሚፈታው የመጀመሪያውን፣ ሦስተኛውንና አራተኛውን ነው። ሁለተኛው የሹተር (ብርሃን የሚያስገባው መጋረጃ) ፍጥነት ጉዳይ ነው፤ እስክስታ የሚመታ ትከሻ ከ1/250 ሰከንድ በታች በየትኛውም ካሜራ አይቆምም። ስድስተኛው የአንሺው ነው።

አምስተኛው ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ዳስ ውስጥ ብዙ ፎቶ የሚበላው እሱ ነውና። የቀትር ፀሐይ በሰማያዊ ሸራ አልፎ ሲወርድ ፊት ሁሉ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሸራው ቢጫ ከሆነ ሙሽራዋ የወፍ በሽታ የያዛት ትመስላለች። ይህን በጣም ውዱ ካሜራም አያድነውም፤ ሌሎቹን ቀለሞች ሸራው ገና ከላይ ውጧቸዋል። የሚያድነው ሌላ ነው፦ ዳሱ ውስጥ አንድ ጊዜ ግራጫ ካርድ አንስቶ ነጭ ሚዛኑን (ካሜራው ነጭን ነጭ የሚያደርግበትን) በእሱ ማስተካከል፣ ፍላሹን ከዳሱ ብርሃን በአንድ ወይም በሁለት ስቶፕ (አንድ ስቶፕ የብርሃን እጥፍ ነው) ማስበለጥ፣ ሲቻል ደግሞ ሙሽሮቹን ወደ ዳሱ አፍ ማስጠጋት። ከተጣሉት ፎቶዎች ግማሹ የቀለም ከሆነ ካሜራ መግዛቱን እዚህ ላይ ማቆም ይቻላል።

ሜጋፒክስልን ቶሎ እንለፈው

5ዲ ማርክ 2 የሚሰጠው 5616 በ3744 ፒክስል ነው። 30 በ40 ሳንቲ ሜትር የሆነ የአልበም ገጽ በኢንች 300 ነጥብ ለማተም 4724 በ3543 ይበቃል። ግድግዳ ላይ የሚሰቀል 60 በ90ም በኢንች 150 ነጥብ የሚጠይቀው 5315 በ3543 ነው፤ እሱንም ይሞላል። ከ21 ወደ 24 ሜጋፒክስል መሄድ በፎቶው ወርድ ላይ 7 በመቶ ያህል ብቻ ይጨምራል፤ ደንበኛ አያየውም። የዲ700 ባለ 12 ሜጋፒክስል ፋይል ግን ከቡድን ፎቶ ላይ አንድ ፊት ቆርጦ ለማተም ይጠባል። በዚህ የሚቸገር ሰው ለመቀየር በቂ ምክንያት አለው።

ብርሃን ሲያንስ፦ ቦዲ ወይስ ሌንስ?

ቦዲው (ሌንስ ያልተሰካበት ካሜራ) ተቀይሮ ከ5ዲ ማርክ 2 ወደ 2020ው ካኖን አር6 ቢኬድ በከፍተኛ አይኤስኦ (የካሜራው ለብርሃን ያለው ትብነት) የሚገኘው ትርፍ አንድ ስቶፕ አካባቢ፣ ቢበዛ አንድ ተኩል ነው። አሮጌ 5ዲ ላይ በብዛት የሚታየው ሌንስ ደግሞ 24-105 ኤፍ 4 ነው (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ሌንሱ የበለጠ ብርሃን ያስገባል)። እሱን አውልቆ 50 ወይም 85 ሚሊ ሜትር ኤፍ 1.8 የሰካ ሰው ሁለት ስቶፕ ከሲሶ፣ ማለትም አምስት እጥፍ ያህል ብርሃን ያገኛል። አይኤስኦ 6400 ላይ ይሠራ የነበረው 1250 ላይ ይሠራል ማለት ነው። ሌንሱ የአዲስ ቦዲን ዋጋ ጥቂት ክፍል ብቻ ይፈጃል፤ ቦዲው ሲቀየርም አብሮ ይሄዳል። ኖይዝ (ብርሃን ሲያንስ ፎቶው ላይ የሚወጣው ሽርክት) ብቻ ያስመረረው ሰው መጀመሪያ ሌንስ ይግዛ።

ነገር ግን ይህ ምክር አንድ ቀዳዳ አለው። 85 ሚሊ ሜትር በኤፍ 1.8፣ ከሁለት ሜትር ርቀት፣ ጥርት ብሎ የሚታየው ጥልቀት 6 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው። ፎከሱ ጆሮ ላይ ካረፈ ዓይኑ ደብዝዟል። አሮጌው ቦዲ የሚያስቸግረው እዚህ ላይ ነው።

ፎከስ፦ እውነተኛው ልዩነት

5ዲ ማርክ 2 ዘጠኝ የሚመረጡ የፎከስ ነጥቦች አሉት፤ አግድምም ሽቅብም የሚያነበው የመስቀል ዓይነት ግን የመሃሉ ብቻ ነው። የዳር ነጥቦቹ በመብራት ብርሃን ወዲያና ወዲህ ይዋልላሉ። ስለዚህ አንሺው በመሃሉ ይዞ ካሜራውን ያዞራል። በኤፍ 4 ይህ አይታወቅም፤ በኤፍ 1.8 ግን የዞረው ካሜራ የፎከሱን ወለል አብሮ ያዞራል፤ ዓይኑም ከ6 ሳንቲ ሜትሯ ይወጣል። 6ዲ 11 ነጥብ አለው፤ የመሃሉ ነጥብ እስከ ጨለማ ድረስ ይይዛል (ኢቪ በሚባለው የብርሃን መለኪያ ሲቀነስ 3)፣ የዳሮቹ ግን እንደ ወንድሙ ናቸው። 5ዲ ማርክ 3 (2012) በ61 ነጥብ፣ ዲ750 በ51 ነጥብ ይህን ችግር በአብዛኛው ፈተውታል።

ሚረርለሶቹ (ውስጣቸው መስታወት የሌላቸው አዳዲሶቹ ካሜራዎች) ፎከሱን የሚለኩት በራሱ በሴንሰሩ ላይ ስለሆነ ሌንስና ቦዲ አይጣሉም፤ ዓይን ፈልገውም ይይዛሉ። አር6፣ ሶኒ ኤ7 3 (2018) እና ከዚያ በኋላ የወጡት የሙሽራን ዓይን እስከ ፍሬሙ ዳር ይከተላሉ። ጉድለት ግን አያጡም። ፊት ላይ ቀጭን ጥልፍ መጋረጃ ሲወርድ ጥልፉን ሊይዙ ይችላሉ፤ ሰው ሲበዛ ደግሞ ከሙሽራዋ ፊት ቀድሞ የቆመውን ሚዜ ይመርጣሉ። በዚህ ጊዜ የመነሻ ነጥቡን በጣት ሙሽራዋ ላይ ማሳረፍ ይሻላል። ሌላም አለ፤ አሮጌው ስፒድላይት (ካሜራው ላይ የሚሰካው ፍላሽ) በጨለማ የሚተኩሰው ቀይ የፎከስ መርጃ ብርሃን ሚረርለስ ላይ አይሠራም፤ ካሜራው በራሱ ዓይን ይተማመናል።

ከመግዛት በፊት አንድ ፈተና አለ፤ ወጪውም የግማሽ ሰዓት ጊዜ ነው። ካሜራውን ስታንድ ላይ አቁሙ፤ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ ለጥፉና ከሦስት ሜትር ርቀት፣ በኤፍ 1.8፣ መጀመሪያ በላይቭ ቪው (ከኋላ ባለው ስክሪን እያያችሁ) አሥር እጥፍ አጉልታችሁ በእጅ ፎከስ አድርጉና አንሱ። ቀጥሎ በቪውፋይንደር (በዓይን በሚታይበት ቀዳዳ)፣ በመሃሉ ነጥብ፣ ሌንሱን በየጊዜው እያዛባችሁ አሥር ጊዜ አንሱ። አሥሩም በአንድ አቅጣጫ ከሳቱ የሚያስፈልገው አዲስ ካሜራ ሳይሆን ማስተካከያ ነው፤ 5ዲ ማርክ 2፣ 6ዲና ዲ750 ሜኑአቸው ውስጥ ለዚህ የሚሆን ከሲቀነስ 20 እስከ ሲደመር 20 የሚሄድ መለኪያ አላቸው። አሥሩ ወዲያና ወዲህ ከተበተኑ ግን ማስተካከያ አያድናቸውም። ያ ሰው ቢቀይር አይፈረድበትም።

ጥላና ብርሃን፦ የላሊበላ ፈተና

ታኅሣሥ 29 ቀን ጠዋት፣ ቤዛ ኩሉ በሚዘመርበት በቤተ ማርያም ዙሪያ፣ ነጭ የለበሱት ካህናት ከድንጋዩ ጫፍ ላይ በፀሐይ ይቆማሉ፤ የቀሩት ከታች ግቢው ውስጥ በጥላ ናቸው። ነጩን ለማዳን ፎቶው ይጨልማል፤ ከዚያ ኮምፒውተር ላይ ጥላው በሦስት ስቶፕ ይበራል። 5ዲ ማርክ 2 እዚህ ላይ ይሸነፋል፤ ጥላው ውስጥ አግድምና ሽቅብ መስመሮች ይወጣሉ፤ ኖይዝ ማጥፊያም አያጠፋቸውም። 5ዲ ማርክ 3ና 6ዲ ትንሽ ይሻላሉ እንጂ ከዚህ ችግር አልዳኑም። ዲ750 ግን በዚያው ዘመን ጥላን በንጽሕና ያነሳ ነበር። ካኖን የደረሰበት በ5ዲ ማርክ 4 (2016) ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀጥሎ ባለው ላይ ነው፦ 6ዲ ማርክ 2 (2017) እና የካኖን ሚረርለስ የሆነው አርፒ (2019) ዓመታቸው አዲስ ቢሆንም ጥላ ላይ ወደ አሮጌዎቹ ይቀርባሉ። ለላሊበላ ብሎ ከ6ዲ ወደ አርፒ የቀየረ ሰው በጥላ በኩል ያተረፈው ጥቂት ነው።

ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለሥዕልና ለድንጋይ ቅርጽ ፍላሽ ቦታ የለውም። እዚያ የሚረዳው ቦዲው ውስጥ ያለ የእጅ መንቀጥቀጥ ማረጋጊያ ነው፤ አር6፣ ኒኮን ዜድ5፣ ዜድ6ና ኤ7 3 አላቸው፤ አርፒ፣ የመጀመሪያው አርና አር8 የላቸውም። በ1/8 ሰከንድ ጣሪያውን በእጅ ማንሳት ይቻላል። ለሚንቀሳቀስ ካህን ግን ምንም አይጠቅምም፤ ማረጋጊያው የሚይዘው የአንሺውን እጅ እንጂ የሰውየውን እግር አይደለም።

ሁለት ካርድ

ሰርግ አይደገምም። ለሰርግ አንሺ ከሜጋፒክስልም ከአይኤስኦም በፊት የሚመጣው አንዱን ፎቶ ሁለት ካርድ ላይ በአንድ ጊዜ መጻፍ ነው። ይህ ያላቸው፦ 5ዲ ማርክ 3፣ 5ዲ ማርክ 4፣ ዲ750፣ ዜድ5፣ ዜድ6 2፣ አር6ና ኤ7 3። የሌላቸው፦ 5ዲ ማርክ 2፣ 6ዲ፣ 6ዲ ማርክ 2፣ አር፣ አርፒ፣ አር8ና የመጀመሪያው ዜድ6። 5ዲ ማርክ 3 ሲኤፍና ኤስዲ የሚባሉ ሁለት ዓይነት ካርዶች ይወስዳል፤ የኤስዲው ቀዳዳ ግን ቀርፋፋ ነው፤ ሁለቱ ላይ ሮው (ያልተቀነባበረ ጥሬ ፋይል) ሲጻፍ ካሜራው በኤስዲው ፍጥነት ይጎተታል። ሲኤፉ ላይ ሮው፣ ኤስዲው ላይ ጄፔግ ቢሆን ይሻላል።

መንገዶቹ

አንደኛው መቆየት ነው። ስቱዲዮ፣ የፓስፖርት ፎቶ፣ ምርቃት፣ በቀን ብርሃን የሚሠራ የቤተሰብ ፎቶ ዋና ገቢው የሆነ ፎቶ ቤት ምንም አይጎድልበትም። ፍላሽ ባለበት በአይኤስኦ 100 የተነሳ የ5ዲ ማርክ 2 ፎቶ ከአዲሶቹ ለመለየት ይከብዳል። ገንዘቡ ለ85 ኤፍ 1.8፣ ለሁለት ኦሪጅናል ባትሪ፣ ለአንድ ሶፍት ቦክስ ይሂድ።

ሁለተኛው ያገለገለ ዲኤስኤልአር (እንደ 5ዲና ዲ750 ውስጡ መስታወት ያለው ካሜራ) አንድ ደረጃ ከፍ ብሎ መግዛት ነው። ሌንሱ፣ ፍላሹ፣ የእጅ ልማዱ ሳይቀየር ሁለት ካርድና የተሻለ ፎከስ ይገኛል። ለካኖን ሰው 5ዲ ማርክ 4 ከሁሉ ይበልጣል፤ አቅም ካጠረ 5ዲ ማርክ 3፣ ጥላው እንደማይሻሻል እያወቁ። ለኒኮን ሰው ዲ750 አሁንም የሚገርም ካሜራ ነው፤ አንድ ቻርጅ በአምራቹ መለኪያ 1230 ፎቶ ያነሳል፣ መብራት ለሚጠፋበት ሰፈር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዲ600ን ግን ሽሹት፤ ሴንሰሩ ላይ ዘይትና ቆሻሻ በመርጨት የታወቀ ነው። ከ6ዲ ወደ 6ዲ ማርክ 2 መሄድም፣ የሚታጠፈው ስክሪን ለቪዲዮ ካላስፈለገ በቀር፣ ደካማ ግዢ ነው።

ሦስተኛው በራሱ በካኖን ወይም በኒኮን ውስጥ ወደ ሚረርለስ መሻገር ነው። ካኖን ላይ መንገዱ ለስላሳ ነው፤ የኢኤፍ ሌንስ (የአሮጌዎቹ ካኖኖች ሌንስ) በአዳፕተር አር6 ላይ ሲሰካ ፎከሱ ይሠራል፣ ብዙ ጊዜ ከአሮጌው ቦዲ የተሻለ ሆኖ። የ5ዲ ማርክ 2 ኤልፒ-ኢ6 ባትሪም አር6 ውስጥ ይገባል፤ ቦዲው ውስጥ በዩኤስቢ ቻርጅ የሚደረጉት ግን ኢ6ኤንና ኢ6ኤንኤች ብቻ ናቸው፣ ፓወር ባንኩም ፒዲ የሚባለውን አሠራር የሚደግፍ መሆን አለበት። አርፒና አር8 የሚጠቀሙት ትንሹን ኤልፒ-ኢ17 ነው፤ ያሉት ባትሪዎች ሁሉ ይቀራሉ ማለት ነው። ኒኮን ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። አሮጌ የኒኮን ሌንስ ዜድ ካሜራ ላይ የሚሰካበት ኤፍቲዜድ አዳፕተር ሞተር ስለሌለው ኤኤፍ-ዲ የተጻፈባቸው ሌንሶች (50 ኤፍ 1.8 ዲ፣ አሮጌው 80-200 ኤፍ 2.8 ዲ) ፎቶ ያነሳሉ እንጂ ፎከስ በእጅ ይሆናል። ኤኤፍ-ኤስ የተጻፈባቸው ይሠራሉ። ሌንሶቹን አገላብጦ ጽሑፋቸውን ሳያነቡ ዜድ መግዛት የዋህነት ነው።

አራተኛው ሁሉንም ሽጦ ወደ ሶኒ መግባት ነው። ኤ7 3 ሁለት ካርድ፣ ጥሩ ባትሪ፣ ጥሩ ጥላ፣ ጥሩ ቪዲዮ አለው። ነገር ግን ሌንስ፣ ፍላሽ፣ ትሪገር (ፍላሽን ከርቀት የሚያስነሳው) አብረው ይቀየራሉ። አሮጌ ዕቃ ሲሸጥ የሚያወጣው ዋጋ ሁሌም ከታሰበው ያንሳል። ከሁለት በላይ ጥሩ ሌንስ ላለው ሰው ይህ መንገድ አይመከርም፤ አንድ ኪት ሌንስ ብቻ ላለው ግን ከሁሉ ሊሻል ይችላል።

ቪዲዮ ለሚያነሳ፦ 5ዲ ማርክ 2 አንድ ፋይል 4 ጊጋባይት ሲሞላ፣ 12 ደቂቃ አካባቢ ላይ፣ ይቆማል፤ የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳም የለውም። አር6 4ኬ ሲቀርጽ ይሞቃል፤ ካኖን ራሱ የሰጠው ገደብ በ23 ዲግሪ ሙቀት 40 ደቂቃ አካባቢ ነው፤ በባቲ ቀትር ከዚያ ያጥራል። ረጅም ኒካህ ወይም መንዙማ ሳይቆም የሚቀርጽ ሰው በፉል ኤችዲ ይቅረጽ። መብራታችን 50 ኸርትዝ ስለሆነ ሹተሩ 1/50 ወይም 1/100 ይሁን፤ አለዚያ መብራቱ ይብለጨለጫል።

ከቦዲው ዋጋ ኋላ ያለው

አር፣ አርፒና አር6 ሮው የሚጽፉት ሲአር3 በተባለ ፋይል ነው፤ አሮጌው የፎቶ ማረሚያ ሶፍትዌር ላይትሩም 6 አይከፍተውም። ነፃውን የአዶቤ ዲኤንጂ ኮንቨርተር መጠቀም ይቻላል፤ አንድ እርምጃና ጊዜ ይጨምራል። የ5ዲ ማርክ 4ን ፋይል ግን ላይትሩም 6 ይከፍታል። ማከማቻም ይቆጠር፤ 2,500 ፎቶ የሚነሳበት ሰርግ በ5ዲ ማርክ 2 ሮው 65 ጊጋባይት ያህል ነበር፤ በማርክ 4 ወደ 92 ይደርሳል። ካርድ፣ ሃርድ ዲስክ፣ አዳፕተርና ትርፍ ባትሪ ከቦዲው ዋጋ ጋር ሳይደመሩ ውሳኔ አይሰጥ።

ያገለገለ ሲገዛ

ደሴ ያለ ገዢ ዕቃውን በፎቶ ብቻ አይቶ አዲስ አበባ ካለ ሻጭ ቢያስልክ፣ ለመመለስ 400 ኪሎ ሜትር አለ። እንግዲህ እዚያው ሄዶ፣ ወይም የሚያውቅ ሰው ልኮ፣ የራስን ሌንስ፣ ካርድና ላፕቶፕ ይዞ መፈተሽ ነው። ኤፍ 16 ላይ ነጭ ሰማይ አንሱ፤ ነጠብጣብ አቧራ ሊሆን ይችላል፣ ሲጸዳ ይሄዳል፤ ጭረት ግን አይሄድም። ክዳኑን ዘግታችሁ 30 ሰከንድ አንሱና የሚያበሩ ነጥቦችን ተመልከቱ። 1/8000 ላይ (6ዲና ዲ750 የሚደርሱት እስከ 1/4000 ነው) አሥር ጊዜ አንሱ፤ አንዱ ዳር ጥቁር ባንድ ከታየ ሹተሩ ደክሟል። ሲኤፍ ቀዳዳውን በባትሪ ብርሃን እዩ፤ አንድ የተጣመመ ፒን ካሜራውን ሥራ ያስፈታዋል። ስክሪኑ ላይ ኧር 01 የሚል የስህተት መልእክት ሲወጣ አብዛኛውን ጊዜ የሌንስ መገናኛ ቆሻሻ ነው፣ በንጹህ ጨርቅ ይጠረጋል፤ ኧር 20 ወይም 30 ከወጣ ዕቃውን መልሱ።

የሹተር ቁጥሩን ኒኮን ፎቶው ፋይል ውስጥ ይጽፈዋል፤ የካኖኑ በዩኤስቢ ከላፕቶፕ ጋር ተያይዞ በሶፍትዌር ይነበባል። 5ዲ ማርክ 2፣ 3ና 4፣ ዲ750ም የተገመቱት ለ150,000 ነው፤ 6ዲና አርፒ ለ100,000፤ አር6 ለ300,000። በሰርግ 2,500 ሲነሳ 150,000 ማለት 60 ሰርግ ነው። 120,000 የደረሰ ቦዲ የቀረው 12 ሰርግ ያህል እንደሆነ አስቦ ዋጋ መከራከር ይገባል። ቀኑ በየጊዜው ወደ ኋላ የሚመለስ 5ዲ ማርክ 2 ግን አያስፈራ፤ ሲአር1616 የምትባል ክብ ባትሪ ደክማ ነው።

አዲሱ ከገባ በኋላ

አሮጌው አይሸጥ፤ የሚያወጣው ጥቂት ነው፣ 85ቱን ተሸክሞ ሁለተኛ ቦዲ ሆኖ ቢቆይ ይበልጣል። አዲሱን በመጀመሪያው ሳምንት ሰርግ ላይ አታውጡት። ሰኞ ባቲ ገበያ ወይም ሐይቅ ዳር አንድ ቀን አውሉት። ሚረርለስ ከሆነ ኤሌክትሮኒክ ሹተሩን አጥፉ፤ በኤልኢዲ መብራት ሥር ፎቶውን በባንድ ይሸነትረዋል። በስቱዲዮ ፍላሽ ሲሠራ ደግሞ ኤክስፖዠር ሲሙሌሽን (ፎቶው የሚኖረውን ብርሃን ቀድሞ የሚያሳየው) ይጥፋ፤ አለዚያ ቪውፋይንደሩ ጥቁር ይሆንና ካሜራው የተበላሸ ይመስላል። ሁለቱ ካርዶች አንዱን ፎቶ ሁለቱም ላይ እንዲጽፉ ሜኑው ውስጥ ካልተነገራቸው ካሜራው አንዱ ላይ ብቻ ይጽፋል፣ ወይም አንዱ ሲሞላ ወደ ሌላው ይሻገራል እንጂ ቅጂ አያስቀርም። ሌሊቱን በደሴ ብርድ ያደረ ካሜራ በሐረጎ ቁልቁለት 600 ሜትር ያህል ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ ድንገት ሲከፈት ሌንሱ ላብ ያወጣል፤ ከደሴ ሳይነሱ በፊት ፌስታል ውስጥ ጠቅልሎ ማሰር፣ ኮምቦልቻ ሲደርሱም ግማሽ ሰዓት ሳይፈቱ ማቆየት ነው።